የትራፊክ ክስ ሲጻፍብዎ፦ መክፈል፣ ቅሬታ፣ ሙግት ወይስ ይግባኝ? ለጎጃም መንገድ ሾፌሮች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ዓባይ በረሃን ወጥቶ ደጀን መግቢያ ላይ «ደርበሃል» የተባለ ባለ አይሱዙ፣ ባሕር ዳር ላይ «መቆም በተከለከለበት ቆመሃል» የተባለ ባለ ሚኒባስ፣ በገበያ ቀን ሞጣ ላይ «ትርፍ ጭነሃል» የተባለ ባለ ቅጥቅጥ፤ ሁሉም እጅ ላይ የሚቀረው አንድ የክስ ወረቀት ነው። ምክሩ ግን ብዙ ነው። ረዳቱ «ከፍለህ መንጃ ፈቃድህን አውጣ» ይላል። መናኸሪያ ያሉት «ኃላፊውን አናግረው» ይላሉ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ደግሞ «ዝም ብለህ ይግባኝ በል» ይላል።

ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ችግሩ አንዱን መንገድ የያዘ ሰው ሌላውን መዝጋቱ ነው። ከፍሎ ያበቃ ሰው በማግስቱ «አላጠፋሁም» ቢል ሰሚ አያገኝም። ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» ያለ ሰው ይግባኝ ቢልም መከራከር የሚችለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው፤ ይህን የሚለው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 ነው። ያለ ጠበቃ የሚቀርብ ይግባኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ወረዳ ላይ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ አንዳንዴም ወረቀቱ በተጻፈበት መንገድ ዳር ነው።

## በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ብር ላይ ነው። ከመለኪያዎቹ ሁሉ ቀላሉ ግን እሱ ነው።

የሚከብደው የሥራ ቀን ነው። ክዶ የሚከራከር ሰው በትንሹ ሦስት አራት ቀጠሮ ይጠብቀዋል፦ ክሱ ተነቦለት ቃሉን የሚሰጥበት፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሚሰማበት፣ የራሱ መከላከያ የሚሰማበት፣ ፍርድ የሚነገርበት። የከሰሰው ትራፊክ በቀጠሮው ካልመጣ ሌላ ይጨመራል። ለስሌት ያህል መኪናው በቀን 1,500 ብር ያስገባል እንበል፤ አራት ቀን ቆመ ማለት 6,000 ብር ነው፣ የምስክሮች ትራንስፖርትና ምሳ ሳይታሰብ። ቅጣቱ 1,000 ብር ከሆነ ለገንዘብ ብሎ መሟገት ኪሳራ ነው።

ሚዛኑን ሊገለብጠው የሚችለው ነጥብ ነው። ጥፋቱ በአሽከርካሪው ሪከርድ ላይ ነጥብ ያስይዛል፤ ነጥቡ እየተደመረ ሄዶ መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል፣ ሲብስም ያሰርዛል። ሪከርዱ ንጹሕ ለሆነ ሰው አንድ ክስ ቀላል ነገር ነው። በመሪ ለሚያድርና ነጥቡ ወደ እገዳው ለተጠጋ ሾፌር ግን ያቺው ክስ የወራት እንጀራ ናት። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የተያዘብዎትን ድምር ይጠይቁ። ይህን ሳያውቁ የሚደረግ ምርጫ ግምት ነው።

ቀጥሎ ግጭት ወይም ጉዳት መኖሩ ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 የሚነሳው ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት ሆነዋል ብሎ ነው፤ ጉዳቱን ግማሽ ለግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሾፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ «ትንሽ ቅጣት ናት» ብለው የከፈሉበት የክስ ወረቀት ነገ የሌላውን መኪና ሙሉ ጉዳት በሚያስከፍል መዝገብ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ግጭት ካለ የቅጣቱን ማነስ አይተው አይክፈሉ።

የቀሩት ሁለቱ በእጅ ያለ ማስረጃ እና የፍርድ ቤቱ ርቀት ናቸው። ክሱ የሚታየው ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ደጀን ላይ ከተከሰሰ ቀጠሮው ደጀን ነው። የባሕር ዳሩ ሉማሜ ላይ ከተያዘ ሉማሜ ድረስ ይመላለሳል። በዚያ መስመር በየሳምንቱ ለሚያልፍ ሾፌር ይህ አይከብድም፤ ለአንድ ቀን ለቅሶ ደርሶ ለተመለሰ ሰው ግን ሌሎቹን መለኪያዎች ሁሉ ሊያስረሳ ይችላል።

## ከሁሉ በፊት ወረቀቱና ቦታው

ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ ታርጋ ከነኮዱ፣ የተጣሰው ደንብ ቁጥርና አንቀጽ፣ የከሳሹ ስምና መለያ ቁጥር፣ የመክፈያ ቀነ ገደብ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ደንቡን በቁጥሩ ያንብቡት። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 በ395/2009 ተሻሽሎ ነበር፣ ታሪፉም ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል፤ በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የቅጣት ሰንጠረዦች አሮጌውንና አዲሱን ያደባለቁ ናቸው። የሚመለከትዎ ክሱ ላይ የተጠቀሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የሐሰት ተስፋ እንቁረጥ፦ «ታርጋዬን አንድ ቁጥር ስቶ ጽፏል፣ ስለዚህ ክሱ ውድቅ ነው።» አይደለም። በክስ ላይ ያለ ስህተት ተከሳሹን ካላሳሳተው ክሱን አይጥለውም፤ ፍርድ ቤቱም ራሱ ወይም በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ክሱ እንዲታረም ሊያዝ ይችላል። የቦታ ስህተት ግን ሌላ ነው። «ከተማ ውስጥ» ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት ከከተማው ክልል ውጪ ከነበረ የፍጥነት ወሰኑ ራሱ ይለያያልና ጥፋቱ መኖር አለመኖሩን ይነካል።

ፎቶ የሚነሳው ያኔውኑ ነው። አብዛኛው ሰው የምልክቱን ሰሌዳ ተጠግቶ ያነሳና ይሄዳል። ያ ሰሌዳው መኖሩን ከመናገር በቀር ምንም አይፈይድም። መነሳት ያለበት ሾፌሩ ሲመጣ ከነበረበት አቅጣጫ፣ በመሪ ወንበር ከፍታ፣ ከ50 እና ከ100 እርምጃ ላይ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የገበያ ዳስ ሰሌዳውን መሸፈኑ የሚታየው ከዚያ ነው። በፎቶው ውስጥ የማይነቃነቅ ነገር ይግባ፦ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ዳኛው ቦታውን የሚለየው በእነዚህ ነው። ከተሳፋሪዎች አንዱን ስልክ ቁጥሩን ይጠይቁ። ረዳትዎ ምስክር መሆን ይችላል፣ ግን እንጀራው ከእርስዎ ጋር ስለሆነ ቃሉ ብቻውን ይቀላል።

## ሀ. ከፍሎ መጨረስ

ጥፋቱ እውነት ከሆነ፣ ነጥቡ ካላሰጋዎትና ግጭት ከሌለ ይክፈሉ። እዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። በቀነ ገደቡ ውስጥ በሕጋዊው ቦታ ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ታርጋ ተይዞ ከነበረ ያስመልሱ፣ ክሱ ከመዝገብ መዘጋቱንም በዓይንዎ ይዩ። ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ያልተዘጋ ክስ ብቅ የሚለው ቦሎ ሊያወጡ ወይም መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ በቆሙበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ደረሰኝ የሌለው ሰው ድጋሚ ይከፍላል።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለዋል። ጎጃሜ ይህን አባባል ይወደዋል፣ እውነትም አለው። ነገር ግን ጭብጦዋን ለማስመለስ በቅሎዋን የሚሸጥም አለ፤ አራት ቀጠሮ ከመግባትዎ በፊት የትኛዋን እንደሚያስመልሱ ይወቁ።

«እዚሁ እንጨርሰው» የሚለው ከምርጫዎቹ ውስጥ አይቆጠርም። ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም በወንጀል ያስጠይቃል፤ ደረሰኝ ስለሌለውም ያቺው ክስ ነገ ተመልሳ ብትመጣ የሚያሳዩት ነገር የለም።

## ለ. ቅሬታ ለኃላፊ

ይህ መንገድ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙም ጠባብ ነው። የሚፈታው በወረቀት የሚታይን ስህተት ነው፦ በአንድ ድርጊት ሁለት ክስ ተጽፎ ከሆነ፣ መኪናው ተሸጦ ስም ከተዛወረ በኋላ ክሱ በቀድሞው ባለቤት ስም ከመጣ፣ ከታሪፉ በላይ ተጽፎ ከሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ያለ ወረቀት ተይዞ ከሆነ። «አልደረብኩም»፣ «ቀይ አልነበረም» የሚል ክርክር ግን ኃላፊው ዘንድ አይፈታም፤ እሱ አላየም፣ ምስክርም አይሰማም።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱን አስገብተው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ሊብሬ፣ የሽያጭ ውል ወይም የመጀመሪያው የክስ ወረቀት ይያያዝ።

የሚበላሸው በ«ነገ ና» ነው። ቅሬታ ማስገባት የመክፈያውን ቀነ ገደብ ያስቆማል ብለው አያስቡ። የቀነ ገደቡ ግማሽ ሲያልፍ መልስ ካልመጣ ወደ ሌላው መንገድ ይሻገሩ።

## ሐ. ወረዳ ፍርድ ቤት ላይ ራስን ችሎ መከራከር

ለመሟገት ከወሰኑ ሙግቱ ያለው እዚህ ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ የሚያየው እዚህ የተጻፈውን መዝገብ ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚቀበለው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። እዚህ ያልተናገሩትን እዚያ መናገር አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ቀን ቃል። ክሱ ተነቦ «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ የእምነት ክህደት ቃል ይባላል። አሁን ደጀን ላይ የተከሰሰውን ሾፌር እንውሰድ። ከፊቱ የነበረው ተሳቢ ሞተሩ ግሎ ቀኙን ይዞ ቆሟል፤ እሱም ያልተቆራረጠውን መስመር ረግጦ አለፈ። ዳኛው ሲጠይቁት «አዎ፣ አልፌዋለሁ፣ ግን ቆሞ ስለነበር ነው» ይላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 133 ንኡስ አንቀጽ 2 መሠረት እንዲህ ቅድመ ሁኔታ ያለበት መልስ የሚመዘገበው እንደ ክህደት ነው። ነገር ግን ሾፌሩ «አዎ፣ አልፌዋለሁ» ላይ ቢያቆም፣ ወይም ጸሐፊው «ግን» የምትለውን ባይጽፋት፣ ጉዳዩ እዚያው እምነት ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ መልሱን ከመጨረሻው ይጀምሩ፦ «ጥፋተኛ አይደለሁም። ደርቤ አላለፍኩም፤ ተበላሽቶ የቆመ ተሽከርካሪ ነው ያለፍኩት።» ከዚያ የተጻፈው ተነቦ እንዲሰሙት በትሕትና ይጠይቁ።

በአዊ ወይም በሌላ ቦታ የችሎቱን ቋንቋ በደንብ የማይሰማ ሰው አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደብለታል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የሰጠው መብት ነው። ቋንቋው በግማሽ እየገባዎት «ይሁን» ብለው አይለፉት።

የትራፊኩ ምስክርነት። ክዶ የተከራከረ ሰው ራሱ ንጹሕ መሆኑን ከማስረዳቱ በፊት ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን ማስረዳት አለበት። ብዙ ጊዜ ያለው ምስክር የከሰሰው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄው ዋና መሣሪያዎ ነው። ጥያቄዎቹ አጫጭር ይሁኑ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦

- የት ቆመው ነበር? ከመኪናው በስንት ሜትር?
- በእርስዎና በመኪናው መካከል ሌላ ተሽከርካሪ ነበር?
- ዝናብ ወይም ጭጋግ ነበር?
- ተሳቢው ይንቀሳቀስ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር? ጎማው ሥር ድንጋይ ነበር?
- ፍጥነቱን በምን ለኩት? መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር የት መዘገቡት?

«ለምን በሐሰት ትከሰኛለህ?» የሚል ጥያቄ አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ምስክሩ የዘነጋውን ሁሉ ዳግም እንዲተርክ ዕድል ይሰጠዋል፣ ዳኛውንም ያስከፋል። መልሱን የማያውቁትን ጥያቄም ይተዉት። ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ችሎት ላይ ግን ሁሉም ይረሳዋል።

ምስክሩ ከተሰማ በኋላ የቀረበው ማስረጃ ክሱን አያስረዳም ብለው ካመኑ «መከላከል ሳያስፈልገኝ በነፃ ልሰናበት» ብለው ይጠይቁ፤ መሠረቱ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ነው። ካልተቀበሉዎት መከላከያዎን ያሰማሉ። ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክሮች ተራቸው እስኪደርስ ከችሎት ውጪ ይቆዩ፤ ውስጥ ገብቶ የሰማ ምስክር ቃሉ ይጠረጠራል። ፎቶውን ታትሞ፣ ቀኑና ቦታው ከጀርባው ተጽፎ ያቅርቡ፤ ስልክ ለዳኛ ማሳየት ከመዝገብ ጋር የሚያያዝ ነገር አይተውም። የፍጥነት መገደቢያ ወይም ጂፒኤስ የተገጠመለት መኪና ከሆነ የዚያን ሰዓት ሪከርድ ያሳትሙ።

የትኛው ክስ ለሙግት ይመቻል? ምልክት አልነበረም ወይም አይታይም የሚል በፎቶ ስለሚረጋገጥ ጥሩ ነው። የቆመን ማለፍና ደርቦ ማለፍን የሚመለከተውም ምስክር ካለ ጥሩ ነው። ትርፍ ሰው መጫን ከባድ ነው፤ ሊብሬው ላይ የወንበሩ ቁጥር ተጽፏል፣ ትራፊኩም ቆጥሯል። ቀበቶና ስልክ የቃል ለቃል ክርክር ስለሆኑ ብዙ ተስፋ አይጣልባቸው። ምጥ የያዛት እናት ይዘው ሲሮጡ ተይዘው ከሆነ ድርጊቱን አይካዱ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 75 ስለ አስፈላጊነት የሚለውን ያንሱ፣ የጤና ጣቢያውን ካርድና የገባችበትን ሰዓት ያያይዙ። አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት ይቻል እንደነበር መጠየቅዎ አይቀርም፣ ይዘጋጁበት፤ አምቡላንስ ደውለው ከነበረ የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ይጠቅማል።

## መ. ይግባኝ ያለ ጠበቃ

ከወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኙ የሚሄደው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ለምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም፣ ለአዊ እንጅባራ አለ። የእርስዎ ወረዳ ይግባኝ የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ሬጅስትራሩን ጠይቀው ይነሱ፤ መኪና ተሳፍሮ በስህተት ቦታ መድረስ አንድ ቀን ያባክናል።

ሁለት ቀኖች አሉ፣ ሰዎችም ያምታቷቸዋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለትዎን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያስመዘግባሉ፤ የይግባኝ ማመልከቻውን ደግሞ የፍርዱን ግልባጭ በተቀበሉ በ30 ቀን ውስጥ ያስገባሉ። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ 30ውን ብቻ አስቦ 15ቱን ማሳለፍ፣ ወይም ግልባጭ ሳይጠይቁ ቆይተው ጊዜው ከፍርዱ ቀን ይቆጠራል ብሎ ተስፋ መቁረጥ። ፍርዱ በተነገረበት ዕለት ከችሎት ወጥተው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ «ይግባኝ ስለምል የፍርዱና የመዝገቡ ግልባጭ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገቡ፣ ኮፒው ላይ ማኅተም ያስመቱ። ግልባጩን ሲቀበሉ የተቀበሉበት ቀን በላዩ ይጻፍ።

ቅዳሜንና እሑድን እየቀነሱ አይቁጠሩ፤ ጳጉሜንንም አይርሷት። ፍርዱ ነሐሴ 25 ቢሰጥ 15ኛው ቀን መስከረም 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 4። ዳኞች ክረምት ላይ ዕረፍት ቢወጡም መዝገብ ቤትና ተረኛ ችሎት አለና «ፍርድ ቤት ዝግ ነው» ብለው አይቀመጡ።

የዳኝነት ክፍያ የፍትሐ ብሔር ነገር ነው፤ እዚህ የሚያወጡት ለግልባጭ፣ ለማስጻፊያና ለጉዞ ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን ቅጣቱን አያስቆምም፤ ይታገድልኝ የሚሉ ከሆነ ለይተው ይጠይቁ።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማመልከቻውን አይቶ በቂ ምክንያት ካላገኘበት መልስ ሰጪን ሳይጠራ ሊዘጋው ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ገጽ የሚወስነው። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል፦

> ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ
> ይግባኝ ባይ፦ …… መልስ ሰጪ፦ ዐቃቤ ሕግ
> የ…… ወረዳ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር …… በቀን …… በሰጠው የጥፋተኝነትና የቅጣት ውሳኔ ላይ የቀረበ ይግባኝ
> 1. ፍርዱ የተሰጠው በ……፣ ይግባኝ ማለቴን ያስመዘገብኩት በ……፣ ግልባጩን የተቀበልኩት በ…… ነው።
> 2. የዐቃቤ ሕግ ምስክር በግልባጩ ገጽ …… «ርቀቱ 150 ሜትር ነበር፤ በመሃል አውቶቡስ ነበር» ብሏል። ፍርድ ቤቱ ይህን ሳይመዝን «በዓይኑ አይቷል» ብሎ መደምደሙ የማስረጃ ምዘና ስህተት ነው።
> 3. ተሽከርካሪው ቆሞ እንደነበር ሁለት ምስክሮቼ አስረድተዋል፤ ፍርዱ ቃላቸውን ያልተቀበለበትን ምክንያት አልገለጸም።
> የምጠይቀው ዳኝነት፦ የጥፋተኝነት ውሳኔው ተሽሮ በነፃ እንድሰናበት፤ ይህ ከታለፈ ቅጣቱ እንዲቀነስልኝ።

በደጃፍ የሚጻፉ ማመልከቻዎች «እጅግ የተከበረው ፍርድ ቤት ሆይ» ብለው ግማሽ ገጽ ያባክኑና የገጽ ቁጥር ሳይጠቅሱ ያልቃሉ። ማመልከቻ ጻፊ ቢያስጽፉም ግልባጩን አሰምረውበት ይስጡት።

በይግባኝም ከተሸነፉ የሰበር ችሎት አለ፤ የሚያየው ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ለአንድ የትራፊክ ቅጣት ባሕር ዳር መመላለስ፣ ነገሩ መንጃ ፈቃድ የሚያሰርዝ ካልሆነ፣ አይመከርም።

## ሠ. ጠበቃ፣ ሙሉ ወይም በከፊል

ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ ይህ መመሪያ ያበቃል። ያ የቅጣት ወረቀት አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደል ወይም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ግልጽ ደንብ ተጥሶ ሰው ሲሞት ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ብቻዎን አይቅረቡ። ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳም መለኪያዎቹ ትክክል መሆናቸውን ሳያዩ አይፈርሙ።

ለቀሪው መካከለኛ መንገድ አለ፦ ጠበቃው ማመልከቻውን ብቻ ይጽፋል፣ ችሎት እርስዎ ይቆማሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ «እስከ ይግባኝ ማመልከቻ ብቻ» ተብሎ ይገለጽ። አቅም ለሌለው ሰው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ተከላካይ ጠበቃ ግን የሚመደበው በከባድ ክስ ነውና ለቀበቶ ክስ አይጠብቁት።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚፈጀው | ገንዘብ | ነጥቡ | የሚመቸው | የሚዘጋው በር |
|---|---|---|---|---|---|
| መክፈል | ግማሽ ቀን | ቅጣቱ | ይያዛል | እውነተኛ ጥፋት፣ ግጭት የሌለበት | ሙግቱ በሙሉ |
| ቅሬታ | 1–2 ቀን፣ መልሱ ሊዘገይ ይችላል | ኮፒ | ከታረመ ይነሳል | የወረቀት ስህተት፣ ድርብ ክስ | ቀነ ገደቡ ካለፈ የሌሎቹን |
| ወረዳ ላይ ራስን ችሎ | 3–5 ቀጠሮ | የሥራ ቀን፣ ምስክር | ነፃ ከተባሉ ይነሳል | ፎቶና ገለልተኛ ምስክር ላለው | ካመኑ፣ የይግባኙን ግማሽ |
| ይግባኝ ያለ ጠበቃ | ተጨማሪ 2–3 ጉዞ | ግልባጭ፣ ጉዞ | ከተሻረ ይነሳል | መዝገቡ ላይ የሚጠቀስ ስህተት ላለው | የለም፣ ሰበር ይቀራል |
| ጠበቃ | እንደ ጉዳዩ | በውል | እንደ ውጤቱ | ጉዳት፣ ሞት፣ የፈቃድ ስረዛ | የለም |

## ለማን የቱ?

የቤት መኪና ያለው፣ ሪከርዱ ንጹሕ፣ ግጭት የሌለበት። ይክፈል። ታሪፉ ስህተት ከሆነ ብቻ ቅሬታ ያቅርብ።

ባለ ባጃጅ፣ ከከተማው የማይወጣ። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ወረዳ ላይ መከራከር ለእሱ ከሁሉም ይረክሳል። ቀጠሮው ሲያልቅ ቀሪውን ቀን ይሠራል። ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ ተደጋግሞ የሚከሰስ ከሆነ በማኅበሩ በኩል ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ምልክቱ እንዲተከል መጠየቅ ከአሥር ሙግት ይሻላል።

የረጅም መስመር ሾፌር፣ ነጥቡ ወደ እገዳ የተጠጋ። ይከራከር። ለዚህ ሰው ዋናው ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ፈቃዱ ነው። የይግባኝ ማመልከቻውን በጠበቃ ያስጽፍ፣ ቀጠሮውንም ከስምሪቱ ጋር እንዲገጥም ዳኛውን ይጠይቅ፤ በትሕትና ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ግጭት ያለበት፣ ሰው ያልተጎዳበት። ከመክፈሉ በፊት ኢንሹራንሱን ያሳውቅ። አብዛኛው የኢንሹራንስ ውል ባለ መኪናው ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋቱን እንዳያምን ያስገድዳል። ይህ ሰው በወንጀሉ ነፃ ቢባል እንኳ የካሣውን ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ እንደማይታሰር ይወቅ (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149)፤ ፎቶውንና የምስክሮቹን ስልክ አይጣል።

ቀጠሮ ያለፈበት። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ወይም ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ሊታዘዝ ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው መጥሪያ ካልደረሰው ወይም ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ከቀረ፣ ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት «ፍርዱ ይነሣልኝ» ብሎ ያመለክታል (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 198 እና 199)። መንገድ በመዘጋቱ የቀረ ሾፌር «መንገድ ተዘግቶ ነበር» ብሎ በቃል ቢናገር አይበቃም። በዚያ ቀን ከመናኸሪያው ወደዚያ መስመር መኪና እንዳልወጣ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከስምሪት ክፍሉ ያስጽፍ፤ ደብዳቤው ላይ ቀኑና የመስመሩ ስም መኖራቸውን ከቢሮው ሳይወጣ ይመልከት።